ጉዱማሌ በኮሮና ዘመን

የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ፣ ሕዝብ በሐዋሳው ጉዱማሌ አደባባይ ተሰብስቦ ቄጣላ የተሰኘውን የጋራ ዜማና ጭፈራ የሚያሰማበት በዓል በመሆኑ፣ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረና በዚያው ወር የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብን ከከለከለ በኋላ፣ እገዳው የነካው የበዓሉን መሠረት ነበር። ቫይረሱ የሕመም ምልክት ከማይታይበት ሰውም ስለሚተላለፍ፣ ጤነኛ የሚመስልን ዘመድ መራቅ ለብዙዎች ጥንቃቄ ሳይሆን ንቀት መሰለ። ቫይረሱን ይከላከላሉ በሚል እምነት የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ዋጋ ያናረው ሽሚያም (ብዙ ቢተችም) ከድንቁርና ይልቅ መፍትሔ ያጣ ሕዝብ ጭንቀት መግለጫ ነበር። ለነሐሴ የታሰበው አገራዊ ምርጫ በወረርሽኙ ምክንያት ሲራዘም ደግሞ ክርክሩ ከጤና ወጥቶ፣ የሥልጣን ዘመኑ የሚያበቃ መንግሥት በምን ሕግ ይቀጥላል ወደሚል የሕገ መንግሥት ትርጉም ጥያቄ ተሸጋገረ።