የልጆቻችን ቆዳና ትንፋሽ
(በፍራንክፈርት ኢነንሽታት ለኢትዮጵያውያን ወላጆች የተሰናዳ ዲስኩር)



«እኛ ስናድግ አስም የሚባል ነገር መች ነበር? የፈረንጅ አገር በሽታ ነው እንጂ» የሚለውን አባባል በዚህ ከተማ ካሉ ወላጆች ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ልጁ ሲያስል የሚያድርበት፣ የክርኑና የጉልበቱ መታጠፊያ በችፌ ቆስሎ ሲያክ የሚነጋበት ቤተሰብ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። አባባሉም ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገር ግን እዚያው ላይ ካቆምን ሁለት ነገር ያመልጠናል። አንደኛ፣ «የእኛ በሽታ አይደለም፣ ሲያድግ ይለቀዋል» እያልን የታዘዘውን መድኃኒት እናቋርጣለን። ሁለተኛ፣ ዓለም ስለ እነዚህ ሕመሞች ከሚያውቀው ውስጥ ቀላል የማይባለው የተገኘው ከኢትዮጵያውያን መሆኑን ሳናውቅ እንቀራለን። ዛሬ አጥብቄ የምናገረው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከዚሁ ከተማ ልጀምር። ከ1899 ጀምሮ እዚህ ፍራንክፈርት የሠራው ፓውል ኤርሊኽ፣ ገና የሕክምና ተማሪ ሳለ በ1870ዎቹ መጨረሻ፣ የሰውነት ሥጋን በቀለም እያቀለመ በአጉሊ መነጽር ሲመረምር በጥቃቅን እንክብሎች የታጨቁ ሴሎች አየ። ማስት ሴል የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ለምን እንደተፈጠሩ ግን እሱ በሕይወት ሳለ አልታወቀም። ዛሬ እንክብሎቹ ሂስታሚን እንደያዙ እናውቃለን። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተገኘው አይጂኢ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል በእነዚህ ሴሎች ገጽ ላይ ተጣብቆ ይጠብቃል። የአበባ ብናኝ ወይም በፍራሽና በምንጣፍ አቧራ ውስጥ የምትኖረው በዓይን የማትታይ ቅንቅን ስትነካው ሴሉ ሂስታሚኑን ይረጫል፤ አፍንጫ ይዘጋል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ የአየር ቧንቧ ይጠብና ደረት ሲር ሲር ይላል። አይጂኢ የልጅን ትንፋሽ ለማወክ የተፈጠረ ነገር አይደለም። የብዙዎቹ ሊቃውንት እምነት ዋና ሥራው የአንጀት ትልን መዋጋት ነበር የሚል ነው።

ጅማ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ሐኪሞች ከእንግሊዙ የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ገጠሮች ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን መረመሩ፤ ውጤቱም በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። አስም አለብኝ ያለው ሰው ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በዛ። ይህስ ይጠበቅ ነበር። ተመራማሪዎቹን ያስገረመው ሌላ ነው፦ በክንድ ቆዳ ላይ ሲሞከር ለአቧራ ቅንቅን ምላሽ የሰጡት በገጠሩ በዝተው ተገኙ። ሰውነታቸው አለርጂውን ያውቀዋል፣ በሽታው ግን የለም። የቆዳ ምርመራ «አለርጂ አለ» ስላለ ብቻ ልጁ ታማሚ ነው ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። እዚህም ምርመራ አስደርጋችሁ ረጅም ዝርዝር ይዛችሁ ስትመለሱ፣ ልጁ በልቶት ምንም ያልሆነውን ምግብ ከማዕዱ ከመንፈጋችሁ በፊት ይህን አስቡ።

በ2001 ደግሞ ከዚያው ከጅማ የተገኘ ሌላ ጥናት፣ የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው ሲር ሲር የማለቱ ነገር ያነሰ መሆኑን አሳየ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጽሑፍም በቤት ውስጥ ነጭ ጋዝ (ኬሮሲን) ማንደድ ከአለርጂ መጨመር ጋር ተያይዞ መገኘቱን አመለከተ። የትሉ ወሬ ዓለምን አዳረሰ። የኖቲንግሃሙ ፕሮፌሰር ዴቪድ ፕሪቻርድ ትሉን በራሱ አካል ላይ እስከ መሞከር ደረሰ። በኋላ በ32 የአስም ሕሙማን ላይ በሥርዓት ሲሞከር ግን፣ በ2010 እንደተዘገበው፣ ይህ ነው የሚባል መሻሻል አልታየም። በኡጋንዳ በኢንቴቤ ነፍሰ ጡር እናቶች የትል መድኃኒት ሲሰጣቸው የሕፃናቱ ችፌ ጨምሮ መታየቱ ደግሞ ነገሩ ጨርሶ ከንቱ እንዳልነበር ይጠቁማል። ትል ደም ይመጥጣል፣ ልጅ ያቀጭጫል፣ ከትምህርት ያስቀራል። ማንም እናት ልጇን ከአስም ለማዳን ብላ ትል ትመኝ ዘንድ የሚያበቃ ምክንያት የለም። የጥናቱ ጥቅም ሌላ ነው፦ ሰውነት በሕፃንነቱ ከማን ጋር እንደኖረ ኋላ ላይ የሚሆነውን ሊወስን እንደሚችል አሳይቶናል።

ጀርመኖችም ይህንኑ በሌላ መንገድ ደረሱበት። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ ተመራማሪዋ ኤሪካ ፎን ሙቲዩስ የሙኒክንና የላይፕዚክን ልጆች አነጻጸረች። የድንጋይ ከሰል ጭስ በጠገበችው ላይፕዚክ አስም ይበዛል ተብሎ ሲጠበቅ፣ አስምም የአበባ ብናኝ አለርጂም ሙኒክ በዝቶ ተገኘ። ቀጥሎ በባየርን፣ በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ በተደረጉ ጥናቶች፣ ላም ባለበት ግቢ ያደጉ፣ በተለይ ገና ከሕፃንነታቸው ጋጣ ለጋጣ የዋሉ ልጆች ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ ጤነኛ ሆነው ታዩ። ይህን ሳነብ ጎጃምና ወሎ፣ ጥጃው ከሰው ጋር የሚያድርበት ቤት ትዝ ይለኛል።

ወደ ኢትዮጵያ፣ ወደ ቡታጅራ ልመለስ፤ ለእኔ ከሁሉም የላቀው ሥራ እሱ ነው። በቡታጅራ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1986 ጀምሮ ልደትንና ሞትን የሚመዘግብበት የጤና ጥናት አካባቢ አለ። በ2005 እና በ2006 መካከል 1,065 ነፍሰ ጡር እናቶች ተመዘገቡ፤ የወለዷቸውም ልጆች ለዓመታት ክትትል እየተደረገላቸው ተጠኑ። ለአፍሪካ እንዲህ ያለው ከማሕፀን የሚጀምር ጥናት ብርቅ ነበር። መዝጋቢዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ልጁ ስንት ጊዜ ሲር ሲር እንዳለ፣ ቆዳው አሳክኮት እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ማገዶ እንደሚነድ፣ ምን መድኃኒት እንደተሰጠው እናቶችን ጠየቁ። አለማየሁ አምበርብርና ባልደረቦቹ በ2011 ባወጡት ጽሑፍ ፓራሲታሞል የወሰዱ ሕፃናት ኋላ ላይ ሲር ሲር ማለት በዝቶባቸው እንደተገኘ ገለጹ። ፓራሲታሞሉ ራሱ አመጣው ማለት ግን አይደለም፤ ትኩሳት ያለው ልጅ ብዙ ጊዜ የደረት ጉንፋንም ስለሚኖርበት፣ መድኃኒቱና በሽታው ሊለያዩ የሚከብዱ ናቸው። ትኩሳት ላለበት ልጅ በክብደቱ ልክ መስጠቱ ይቀጥላል፤ ለትንሹም ለትልቁም ነገር በየዕለቱ መስጠቱ ግን ተገቢ አይደለም። ትሎቹን በሚመለከት ደግሞ፣ በእነዚህ ትንንሽ ልጆች ላይ የተገኘው ትል እጅግ ጥቂት ስለነበር ጥያቄው ሳይመለስ ቀርቷል። መልስ አለማግኘትን በግልጽ መጻፍም ሳይንስ ነው።

አሁን ስለ ቆዳ። በ2006 በስኮትላንድ ዳንዲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የችፌን ምስጢር በከፊል ፈቱ፦ ፊላግሪን የተባለ ፕሮቲን የቆዳን የላይኛውን ሽፋን አጥብቆ ይይዛል፤ ጂኑ ሲጎድል ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ እንግዳ ነገር ያስገባል። ከአሥር አውሮፓውያን አንዱ ገደማ ይህን ጉድለት ይሸከማል። መማሪያ መጻሕፍቱም የችፌ ዋና መንስኤ እያሉ ያስተምሩት ጀመር። በጎንደር ዶክተር ካሳሁን ቢልቻ ከስዊድንና ከስኮትላንድ ባልደረቦች ጋር የኢትዮጵያውያን የችፌ ሕሙማንን ጂን ሲመረምሩ ግን በአውሮፓ የተለመዱት ጉድለቶች አንዳቸውም አልተገኙም፤ ከዚህ በፊት ያልታወቀ አንድ ለውጥ ብቻ ታየ። ውጤቱ በ2011 ታተመ። የእኛ ልጆች ችፌ የራሱ መንገድ አለው ማለት ነው፤ መንገዱን እስከ መጨረሻው የሚያሳየን ጥናት ደግሞ ገና አልተሠራም። በጅማም የሕፃናት ሐኪሙ አብርሃም ኃይለአምላክ ችፌን በተመለከተ ከመጀመሪያ ዕድሜ ጋር የተያያዙ ምክንያቶችን አጥንተዋል። አንዱ ሕዝብ ላይ የተገኘው ለሌላው ያለ ምርመራ አይተላለፍም፤ ይህ ጥናቶቹን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አጥብቄ የያዝኩት እምነት ነው።

በቆዳችን ላይ ችፌ እንዴት እንደሚታይም ራሳችሁ ማወቅ አለባችሁ። ሐኪሞች የሠለጠኑባቸው ሥዕሎች በአብዛኛው የነጭ ቆዳ ናቸውና «ቀይ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። በእኛ ልጅ ቆዳ ላይ ግን የቆሰለው ቦታ ጠቁሮ፣ ወደ ሐምራዊ አዘንብሎ ወይም አመድ ለብሶ ይታያል እንጂ ብዙም አይቀላም። አንዳንዴ ፀጉር በሚበቅልበት ቀዳዳ ዙሪያ ትንንሽ እብጠቶች ሆኖ ይወጣል፤ እጅ ሲያልፍበት ይሻክራል፣ ከታከከ ቆዳው ይወፍራል። ሲድን ደግሞ ጥቁር ወይም ነጣ ያለ ምልክት ለወራት ይቀራል፤ ያ ጠባሳ አይደለም፣ ብዙውን ጊዜም መድኃኒቱ ያመጣው አይደለም። ልጁን መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን እያያችሁ በእጃችሁ ዳስሱ፤ በስልክም ፎቶ አንሱት።

የደረቀውን ቆዳ በሽቶ አልባ ቅባት ወይም በቫዝሊን በየቀኑ ማለስለስ ትልቁ ሥራ ነው። በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ቅቤ ወይም የኦቾሎኒ ዘይት መቀባት ግን ይቅር። በቁስል በኩል የገባ የምግብ ፕሮቲን ሰውነትን ለአለርጂ ሊያዘጋጅ ይችላል። በ2015 የታተመው በ640 ሕፃናት ላይ የተሠራው የለንደኑ የጌዲዮን ላክ ጥናት ደግሞ ኦቾሎኒን በጊዜ በአፍ መቅመስ አለርጂውን በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ብርቱ ችፌ ያለበት ሕፃን ግን አስቀድሞ ሐኪም ይየው፤ ኦቾሎኒውም ተፈጭቶ ይሁን እንጂ ፍሬው ያንቃል።

ኮርቲዞን የሚለው ቃል ብዙዎቻችሁን እንደሚያስፈራችሁ አውቃለሁ። ለልጅ በሐኪም ተለክቶ የታዘዘው የኮርቲዞን ቅባትና በአስም መከላከያ መንፊያው የሚነፋው መጠን በጣም ትንሽ ነው፤ ሱስም አያስይዝም። አደጋው ያለው መከላከያውን ትቶ ሰማያዊውን ማስታገሻ ብቻ መንፋት ላይ ነው። ስፔሰር የሚባለው፣ በመንፊያውና በአፍ መካከል የሚገባው ባዶ ቱቦ ሳይኖር ሲነፋ ደግሞ አብዛኛው መድኃኒት ምላስና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ስፔሰሩን አፍ ላይ አጥብቆ ይዞ፣ አንድ ጊዜ ነፍቶ፣ ልጁ አምስት ስድስት ጊዜ በዝግታ እንዲተነፍስ ማድረግ ይበቃል።

የቡናችንን ነገርም ሳላነሳ አላልፍም። በክረምት መስኮት ተዘግቶ፣ ከሰል ነድዶ፣ ዕጣን ሲጨስ፣ አስም ያለበት ልጅ ሌሊቱን ያስላል፤ በተዘጋ ቤት ከሰል ደግሞ ሰው ይገድላል። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ፣ ዕጣኑ ልጁ በሚያስልበት ሰሞን ይቅር፣ መስኮቱም ይከፈት። አጠገባችን በኦፈንባኽ ያለው የጀርመን ሜትዮሮሎጂ አገልግሎት በየዕለቱ የአበባ ብናኝ ትንበያ ያወጣል፤ የሃዘልና የአልደር ብናኝ ከጥር ጀምሮ፣ የበርች ደግሞ በሚያዝያ ይበዛል። አገር ቤት ያልነበረው አለርጂ እዚህ ጥቂት ዓመት ከኖሩ በኋላ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ከዚህ አዲስ ብናኝ ጋር የተያያዘ ነውና አትደንግጡ፤ ሐኪሙን ጠይቁ።

ለልጆች ክትትል ስትሄዱ የልጁ ምርመራ የሚመዘገብበትን ቢጫ ደብተር፣ የሌሊቱን ትንፋሽ ድምፅ የቀዳችሁበትን ስልክና የቆዳውን ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። ጀርመንኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ይዛችሁ ግቡ፤ የአሥር ዓመት ልጃችሁን አታስተርጉሙ። ሆስፒታሉ «ልጅዎ በጥናት ይሳተፍ?» ብሎ ቢጠይቅም ወዲያው አይሆንም አትበሉ። ወረቀቱን አንብቡ፣ ደም ይወሰዳል ወይ፣ የት ይቀመጣል፣ ማን ያየዋል ብላችሁ ጠይቁ። ፈቃዳችሁን በማንኛውም ጊዜ ማንሳት መብታችሁ ነው፤ የልጁም ሕክምና በዚህ አይጓደልም። ቡታጅራ ላይ አንድ ሺህ እናቶች በራቸውን ለመዝጋቢ ከፍተው ነበር። እዚህ አውሮፓ ያደጉ የኢትዮጵያ ልጆች ችፌና አስም ግን፣ እኔ እስከማውቀው፣ እንደዚያ በክትትል አልተጠናም።