መሶብና ትሪ፦ በገበያ ማዕከላት ውስጥ ስለሚገኙ ዓለም አቀፍ ምግብ ቤቶች

(ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለእንግዶች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ላይ ላዩን ሲታይ ለምርምር የሚበቃ አይመስልም። ሰው ወደ አንድ የገበያ ማዕከል ይገባል፤ በአሳንሰር ወይም በተንቀሳቃሽ ደረጃ ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣል፤ ፒዛ ወይም በርገር ወይም የእስያ ሩዝ አዝዞ ይበላል፤ ይወርዳል። ይሁን እንጂ የማኅበረሰብ ሳይንስ ምግብን ችላ ብሎ አያውቅም። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ሊቅ ጊዮርግ ዚመል እ.ኤ.አ. በ1910 ስለ ማዕድ በጻፈው አጭር መጣጥፍ አንድ ጥልቅ ነገር አስተውሎ ነበር። አንዱ ያየውን ሌላው ሊያየው፣ አንዱ የሰማውን ሌላው ሊሰማው ይችላል፤ አንዱ የበላውን ግን ሌላው በምንም መንገድ ሊበላው አይችልም። እንግዲህ መብላት ከድርጊቶች ሁሉ ይበልጥ ግላዊ ነው። ሆኖም ሰዎችን በአንድ ቦታ የሚሰበስበውም ይኸው ግላዊ ድርጊት ነው። የማዕድ ሥርዓት የሚባለው ነገር የተፈጠረው ይህን ተቃርኖ ለማስታረቅ ነው።

የእኛ ማኅበረሰብ ተቃርኖውን በመሶብ አስታርቆታል። የገበያ ማዕከሉ ደግሞ በትሪ ያስታርቀዋል። በዚህ ንግግር ሦስት ጥያቄዎችን አነሣለሁ። እነዚህ የመመገቢያ ቦታዎች ከየት መጡ? «ዓለም አቀፍ» የሚያሰኛቸው ምንድን ነው? ከመሶብ ወደ ትሪ ስንሸጋገርስ የምናጣውና የምናገኘው ምንድን ነው?

የቦታው ታሪክ

የተሸፈነው ዘመናዊ የገበያ ማዕከል አባት ተደርጎ የሚጠቀሰው ቪክቶር ግሩን የቪየና ተወላጅ ነው። አይሁዳዊ በመሆኑ ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ እ.ኤ.አ. በ1938 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። የነደፈው ሳውዝዴል የተባለው ማዕከል በሚኒሶታ ግዛት፣ ኤዳይና በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1956 ተከፈተ። ግሩን በመኪና ብቻ በሚኖርባቸው የአሜሪካ ከተማ ዳርቻዎች የትውልድ ከተማውን አደባባይ ሕይወት መልሶ ለመፍጠር ይመኝ ነበር፤ ሰዎች ቡና እየጠጡ የሚጫወቱበት፣ መንገደኛ የሚተያይበት ቦታ። ውሎ አድሮ ግን ባለሀብቶች ከንድፉ የወሰዱት የሚሸጠውን ክፍል ብቻ ሆነና እርሱ ራሱ በኋለኛው ዘመኑ በሥራው ውጤት ላይ ተቃውሞውን በይፋ አሰማ።

ብዙ ምግብ ቤቶች አንድ የጋራ መቀመጫ የሚጋሩበት፣ በተለምዶ ፉድ ኮርት የምንለው አዳራሽ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በኒው ጀርሲ ግዛት የሚገኘው ፓራመስ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1974 የከፈተው አዳራሽ ለስኬቱ በምሳሌነት ይጠቀሳል። የአሠራሩ ምሥጢር ቀላል ነው። እያንዳንዱ ምግብ ቤት የሚከራየው ወጥ ቤቱንና የሽያጭ መስኮቱን ብቻ ነው፤ ወንበርና ጠረጴዛው፣ ጽዳቱና መብራቱ የሕንፃው ባለቤት ኀላፊነት ይሆናል። ባለቤቱ ደግሞ አዳራሹን በላይኛው ፎቅ ወይም በመጨረሻው ጥግ ላይ ያደርገዋል፤ የራበው ሰው ወደዚያ ሲሄድ በሱቆቹ ሁሉ ፊት እንዲያልፍ ነው። ምግቡ እዚህ ላይ ከሸቀጥነቱ ሌላ የመሳቢያነት ሥራም ይሠራል።

ወደ ራሳችን ከተማ ስንመለስ ታሪኩ በሞል አይጀምርም። በአዲስ አበባ ምግብን በገንዘብ ገዝቶ በአደባባይ መብላት ራሱ በአንድ ወቅት እንግዳ ነገር ነበር። እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን በከፈቱ ጊዜ መኳንንቱ በገንዘብ ገዝቶ መብላትን እንደ ነውር ስለ ቆጠሩት፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው በልተው ከፍለው አርአያ እንደ ሆኑ በትውፊት ሲነገር እንሰማለን። ትውፊቱ በዝርዝሩ ምን ያህል ትክክል ይሁን፣ የሚያመለክተው እውነት ግን ግልጽ ነው፤ ማብላት የጌትነት፣ የዝምድናና የእንግዳ ተቀባይነት ወግ እንጂ ንግድ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የመጡት የአርመኖች፣ የግሪኮችና የጣሊያኖች ቤቶች፣ በተለይም በፒያሳ አካባቢ፣ የከተማውን ምላስ አለማመዱ። ማኪያቶ፣ ሱጎ፣ ፉርኖ፣ ላዛኛ የሚሉት ቃላት ዛሬ እንደ ራሳችን ቃላት የሚነገሩት ከዚያ የተነሣ ነው።

ባለ ብዙ ፎቅ የገበያ ማዕከላት በብዛት የታዩት ግን በ1990ዎቹ ዓ.ም. እና ከዚያ ወዲህ ነው። በአፍሪካ ጎዳና የሚገኘው ደምበል ሲቲ ሴንተር ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው፤ በቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የተከፈተው ኤድና ሞል ደግሞ በሲኒማውና በልጆች መጫወቻው ዝናን አተረፈ። ከታላላቆቹ ዓለም አቀፍ የፈጣን ምግብ ድርጅቶች መካከል ፒዛ ሃት በ2010 ዓ.ም. በአገር ውስጥ ባለፈቃድ አማካይነት አዲስ አበባ ገባ። ከብዙ የአፍሪካ ከተሞች ጋር ሲነጻጸር ይህ እጅግ የዘገየ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። የንግድ ስም ፈቃድ ክፍያ በውጭ ምንዛሪ ይፈጸማል፤ አንድ ዓይነት ጣዕም ለመጠበቅ ሲባል አይቡ፣ ማጣፈጫውና መሣሪያው በአብዛኛው ከውጭ ይመጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ብር የመግዛት ዐቅሙ በመቀነሱ፣ ከውጭ በሚመጣ ግብዓት የሚሠራ ምግብ ለተራው ደመወዝተኛ ይበልጥ ራቀ።

«ዓለም አቀፍ» የሚያሰኘው ምንድን ነው?

አንድን ምግብ ዓለም አቀፍ የሚያደርገው ከሌላ አገር መምጣቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ፓስታ በእንጀራ ከሁሉ የላቀ ዓለም አቀፍ ምግብ በሆነ ነበር። የጣሊያን ወረራና ንግድ ያመጣውን ፓስታ በእንጀራ ላይ አውጥቶ፣ በእጅ ጠቅልሎ የሚበላ ከተሜ ሁለት የምግብ ሥልጣኔዎችን በአንድ ትሪ ላይ አገናኝቷል። ነገር ግን ማንም ይህን «ዓለም አቀፍ» ብሎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አይጽፈውም። ስያሜው የሚሰጠው በየትም ከተማ ያለ ሰው ሳይጠይቅ ለሚያውቀው ምልክት፣ መጠንና ሥርዓት ነው። አሜሪካዊው ሊቅ ጆርጅ ሪትዘር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የቅልጥፍና፣ የስሌት፣ የተገማችነትና የቁጥጥር ሥርዓት ብሎ ተንትኖታል።

በአንጻሩ በጄምስ ዋትሰን አርታኢነት እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው በምሥራቅ እስያ ከተሞች ላይ ያተኮረ ጥናት ሌላውን ገጽ አሳይቷል። በዚያ ወጣቶች ፈጣን ምግብ ቤቱን ቀስ ብለው የሚቀመጡበት፣ ከትምህርት በኋላ የሚያጠኑበትና የሚያወጉበት ቤት አደረጉት። ተጠቃሚው ሥርዓቱን እንዳለ አልተቀበለም፤ ለራሱ ኑሮ አበጀው።

በእኛም ዘንድ የሆነው ይኸው ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ይልቁንም በዐቢይ ጾም አምሳ አምስት ቀናት፣ አይብና ሥጋ የሌለበት ምግብ ያላዘጋጀ ቤት ደንበኛ አያገኝም። ስለዚህ አይብ የሌለው የጾም ፒዛ፣ የጾም በርገርና የጾም ኬክ ተፈጠሩ። የፒዛን ምንነት በአይብ የሚለካ ጣሊያናዊ ሊደነግጥ ይችል ይሆናል፤ የቀን መቁጠሪያችን ግን ከምግብ ዝርዝሩ በላይ ጉልበት አለው።

የተገላቢጦሹንም እንመልከት። እኛ ራሳችን ለሌላው ዓለም «ዓለም አቀፍ ምግብ» ነን። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ1978 ማማ ደስታ የተባለው ምግብ ቤት ከተከፈተ ወዲህ፣ በአዳምስ ሞርጋንና በዩ ስትሪት አካባቢ ብዙ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ተስፋፍተዋል። እነዚህ ቤቶች ስማቸውን ያተረፉት ግን በሞል አዳራሽ ሳይሆን በጎዳና ዳር በቆሙ የራሳቸው ቤቶች ነው። ምክንያቱ በምግቡ ጠባይ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ፉድ ኮርት የሚሻው ለአንድ ሰው የሚሆን፣ በደቂቃዎች ውስጥ የሚቀርብ፣ ተይዞ የሚኬድበት ምግብ ነው። እንጀራ ግን እጅ መታጠብን፣ ተከቦ መቀመጥን፣ ወጡ እየተጨመረ መጨዋወትን ይጠይቃል። በሌላ አነጋገር፣ የኢትዮጵያ ገበታ ከነሥርዓቱ ወደ ሞሉ አዳራሽ መግባት አይሆንለትም፤ ልግባ ካለ አስቀድሞ መሶብነቱን መተው አለበት።

ከመሶብ ወደ ትሪ

ታዲያ ትሪው ምን ወሰደብን? በመጀመሪያ የአስተናጋጅነትን ወግ ወሰደ። በተለመደው ምግብ ቤት ወዳጆች ከበሉ በኋላ «እኔ ልክፈል፣ አይሆንም እኔ» የሚለው ግብግብ ይነሣል። ይህ ግብግብ ከንቱ ትዕይንት አይደለም፤ የዛሬው ከፋይ የነገ ተጋባዥ ስለሚሆን፣ ወዳጅነቱን ለሌላ ቀን የሚያሳድር የብድር ሰንሰለት ነው። በፉድ ኮርት ግን ሰው ሳይበላ ይከፍላል፤ ያውም እያንዳንዱ በየመስኮቱ ተሰልፎ። ሁሉም ትሪውን ይዞ ወደ ጠረጴዛው ሲመጣ ሒሳቡ ተዘግቷል፤ ባለ ዕዳም ባለ ውለታም የለም። ሁለተኛ፣ «እንብላ» የሚለው ቃል ትርጉሙን ያጣል፤ በእኔ መጠን የተለካ ቁራሽ ላይ ሌላውን መጋበዝ ለይስሙላ ካልሆነ በቀር ያስቸግራል። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ያሉት አባቶች የተናገሩት ስለ እንዲህ ዓይነቱ መለያየት ነው።

ሦስተኛው ጉዳት የሚነካው የሚያስተናግዱትን ነው። በአማርኛ ጉርሻ ማለት ከእጅ ወደ አፍ የሚሰጥ የፍቅር ምግብ ነው፤ ለአስተናጋጅ የሚተው ገንዘብም በዚሁ ስም ይጠራል። ደንበኛው ራሱ ትሪውን በሚሸከምበት አዳራሽ ሁለቱም ጉርሻዎች አብረው ይጠፋሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል የሚወሰንበትን የደመወዝ ቦርድ ጉዳይ ቢያነሣም፣ በየቤቱ የሚሠሩ ወጣቶች ኑሮ ዛሬም በአመዛኙ በደንበኛው ልግስና ላይ የተንጠለጠለ ነው። እንግዲህ የአገልግሎት ሥርዓት ሲለወጥ የማን ገቢ እንደሚቀር መጠየቅ ይገባናል።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ግን የትሪውን ውለታ መካድ ፍትሐዊ አይሆንም። መሶብ አሰባሳቢ ነው ስንል፣ ማንን እንደሚያሰባስብ መመርመር አለብን። በአገራችን ልማድ የክርስቲያን ሥጋና የሙስሊም ሥጋ የተለያየ ነው። ሥጋ በቀረበበት መሶብ ዙሪያ ሁለቱ ወዳጆች አብረው ሊቀመጡ አይችሉም፤ በሠርግም ቢሆን ድንኳኑና ወጡ ይለያል። የጾም ምግብ ብዙ ጊዜ የሁለቱ መገናኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። የትሪው ሥርዓት ለዚህ አሮጌ ችግር ያልታሰበ መፍትሔ አመጣ። የተለያዩ ወጥ ቤቶች በአንድ አዳራሽ ሲሰለፉ፣ አንዱ ከአንዱ መስኮት፣ ሌላው ከሌላው መስኮት የሚፈቀድለትን ይዞ በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ይችላል። የሚጾመውም ከማይጾመው ጋር እንዲሁ። መሶብ አንድን ምግብ ለሚጋሩ ሰዎች አንድ ቦታ ይሰጣል፤ ትሪው ምግብ ለማይጋሩ ሰዎች አንድ ቦታ ይሰጣል። ብዙ እምነትና ብዙ ቋንቋ ላለው ከተማ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የሚያንስ ጸጋ አይደለም። በተጨማሪም ወጣት ሴቶች ብቻቸውን ወይም ከጓደኞቻቸው ጋር ተቀምጠው ያለ ሐሜትና ያለ ለከፋ የሚበሉበት ብርሃናማ አዳራሽ፣ የመንደር ምግብ ቤት ሁልጊዜ የማይሰጠው ነጻነት አለው።

ቦታው የማን ነው?

ከዚህ የሚነሣው ዋናው ጥያቄ የጣዕም ሳይሆን የከተማ ጥያቄ ነው። አዳራሹ የሕዝብ አደባባይ ይመስላል፤ ነገር ግን የግል ንብረት ነው። በር ላይ ፍተሻ አለ፤ ውስጥ ለመቀመጥ መግዛት ይገባል፤ አለባበሱ ያላማረ ሰው ወደ ተንቀሳቃሽ ደረጃው ሳይደርስ ሊመለስ ይችላል። ሃይማኖት ያልለያቸውን ዋጋ ይለያቸዋል። ትሪው በአንድ ጠረጴዛ ያስቀመጣቸው ሰዎች ከአንድ የኑሮ ደረጃ የመጡ ብቻ ከሆኑ፣ የግሩን ሕልም በእኛም ዘንድ በግማሽ ቀረ ማለት ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ ሲንጋፖር ታሳየናለች። የከተማይቱ መንግሥት በተለይ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየጎዳናው ይሸጡ የነበሩትን ምግብ ሻጮች ውኃ፣ የፍሳሽ መስመርና የጋራ መቀመጫ ወዳላቸው አዳራሾች አዛወራቸው። የቻይናው፣ የማላዩና የህንዱ ምግብ ጎን ለጎን በርካሽ ይሸጣል፤ ባለ ሥልጣኑም ሾፌሩም በአንድ አግዳሚ ላይ ይበላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2020 ይህን ባህል በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረው። የአዳራሹ አሠራር፣ ማለትም ብዙ ወጥ ቤትና አንድ የጋራ መቀመጫ፣ ከፉድ ኮርት ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ቦታው የሕዝብ መሆኑና የኪራዩ ዋጋ ትንሹን ሻጭ ታሳቢ ማድረጉ ነው።

አዲስ አበባ ዛሬ መንገዶቿንና ሕንፃዎቿን እንደ ገና እየሠራች ነው። አሮጌ ሰፈሮች ሲነሡ ጠዋት ፍርፍር፣ ምሳ ሰዓት ሽሮ፣ ማታ ብስኩትና የተቀቀለ ድንች ይሸጡ የነበሩ እናቶችም አብረው ይነሣሉ። በአዲሱ ሕንፃ ምድር ቤት ኪራይ ሊከፍሉ አይችሉም። ስለዚህ ለከተማ ፕላን፣ ለሥነ ሕንፃ፣ ለምጣኔ ሀብትና ለማኅበረሰብ ጥናት ተማሪዎቻችን የምተወው የቤት ሥራ ይህ ነው፦ ፒዛው ከሽሮው፣ የጾሙ ከፍስኩ፣ ባለ ትንሽ ገንዘቡ ከባለ ብዙው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚቀመጥበት የሕዝብ የመመገቢያ አዳራሽ በየትኛው ቦታ፣ በማን አስተዳደር፣ በምን ያህል ኪራይ ሊሠራ ይችላል? በየሞሉ ቆጥራችሁ፣ ሻጩንና ተመጋቢውን ጠይቃችሁ፣ ሒሳቡን ሠርታችሁ አምጡት። ትሪው ቀድሞ ከተማችን ገብቷል፤ ማን ይዞት እንደሚቀመጥ ለመወሰን ግን ገና ጊዜ አለን።