አልበም በምን ይመዘናል?

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



አንድ የዘፈን አልበም ገበያ ላይ በዋለ በሳምንቱ ፍርዱ ያልቃል። በሻይ ቤት፣ በታክሲ፣ በመሥሪያ ቤት ኮሪደር ሰው ሁሉ ዳኛ ነው። «ድምፁ ወርዷል»፣ «ቅንብሩ አልመጠነውም»፣ «እንደ ቀድሞው አይደለም» ይባላል፤ ተናጋሪውን ምክንያቱን የሚጠይቀው ግን እምብዛም የለም። ሙዚቃን መውደድና መጥላት የማንም መብት ነውና በዚህ የሚከፋ አይኖርም። ሆኖም መውደድ አንድ ነገር ነው፤ መመዘን ሌላ ነው። መሐንዲስ ድልድይን የሚረከበው መልኩ ስላማረው ሳይሆን፣ ለምን ያህል ጭነት እንደታሰበ፣ ከምን እንደተሠራና በምን እንደተፈተነ ጠይቆ ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ ይህን የሙያ ልማድ ወደ አልበም ሂስ ማሻገር ነው። ለዚህም ሦስት ጥያቄዎች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ በሐያሲው ጆሮና በሥራው መካከል ምን አለ? ሁለተኛ፣ ሥራው ለምን ዓላማ ተሠራ? ሦስተኛ፣ በእነማን እጅ ተሠራ? ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. በጆሮና በሥራው መካከል

አልበም በአንድ ዕቃ ላይ በአንድነት የሰፈረ የዘፈን ስብስብ ነው፤ ዕቃውም የራሱ ሕግ አለው። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የጥንቱ ሸክላ በተለመደው መጠኑ በአንድ ገጹ ከ3 ደቂቃ እምብዛም የማይበልጥ ዘፈን ይይዝ ነበር። ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1948 በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞረውን ረጅም ሸክላ ሲያወጣ የአንዱ ገጽ ጊዜ ከ20 ደቂቃ በላይ ሆነ። በ1963 ደግሞ ፊሊፕስ ካሴትን አቀረበ። ስለዚህ የዘፈኑን ርዝመትና የአልበሙን አሰላለፍ የወሰነው የደራሲው ስሜት ብቻ አልነበረም፤ ዕቃውም ድርሻ ነበረው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ረጅሙ ሸክላ ሁልጊዜ በእኩል ፍጥነት ይዞራል፤ ነገር ግን በመርፌው ሥር የሚያልፈው መስመር በዳር በኩል በሴኮንድ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ወደ መሐል ሲጠጋ 21 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። ያው ድምፅ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ላይ ይጨናነቃል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ቀጭኑ ድምፅ በገጹ መጨረሻ ላይ ይደበዝዛል። ረጋ ያሉ ዘፈኖች ብዙ ጊዜ ወደ ገጹ መጨረሻ እንዲመጡ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። «አልበሙ መጨረሻው ላይ ይቀዘቅዛል» ብሎ የሚፈርድ ሐያሲ፣ ምናልባት የፈረደው በሸክላው ጂኦሜትሪ ላይ ሊሆን ይችላል።

የፍጥነት ጉዳይ ከዚህ የከበደ ነው። የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦቭ ብሉ» በ1959 በኒው ዮርክ የተቀዳ ነው፤ በጃዝ ዓለም ከፍ ያለ ክብር ካላቸው አልበሞችም አንዱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ዋናው የመቅጃ መሣሪያ ከሚገባው ጥቂት ዘግይቶ ይዞር ነበር። ቴፑ በኋላ በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ድምፁ ከፍ አለ፤ በሸክላው የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሚገኙት ሦስቱም ሥራዎች ተጫዋቾቹ ከተጫወቱበት ከፍታ በላይ ሆነው ታተሙ። ስሕተቱ በሌላ መሣሪያ ላይ በመጠባበቂያነት በተቀዳው ቴፕ የታረመው በ1992 ነው። ለ33 ዓመታት ስለዚያ ገጽ የተጻፈው ምስጋናና ትንታኔ ሁሉ የተመሠረተው ተጫዋቾቹ በዚያ ከፍታ ባልተጫወቱት ሙዚቃ ላይ ነበር። ይህ የአልበሙን ታላቅነት አይቀንስም፤ የጆሮን ምስክርነት ብቻውን ማመን ግን እንደሚያሳስት ያሳያል።

የማዳመጫው መሣሪያም ከዚህ ነፃ አይደለም። የቢትልስ «ሳጅን ፔፐር» በ1967 ሲወጣ በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ የጻፈው ወጣት ሐያሲ ሪቻርድ ጎልድስቲን ሥራውን ክፉኛ ነቅፎት ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሐያሲው ራሱ ያኔ ያዳመጠበት መሣሪያ ብልሽት እንደነበረበት ተናግሯል። በስቴሪዮ ቅጂ አንዳንዱ ድምፅ በቀኝ፣ አንዳንዱ በግራ ብቻ ስለሚወጣ፣ አንዱ ስፒከር ሲታመም የሙዚቃው ክፍል አብሮት ይጠፋል።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ምክንያቱም በካሴት ዘመን ብዙው አድማጭ የሰማው የቅጂን ቅጂ ነው። በስቱዲዮ ቴፕ በሴኮንድ 38 ሴንቲ ሜትር ሲሄድ፣ የካሴት ክር የሚሄደው 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ስምንት ጊዜ ይዘገያል። ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቁጥርም ሽውታው ይጨምራል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይቀንሳል። አንድ የመገልበጫ መሣሪያ ከሚገባው 3 በመቶ ቢያፈጥን፣ የ4 ደቂቃ ዘፈን 7 ሴኮንድ ያህል ያጥራል፤ ድምፁም በግማሽ ድምፅ እኩሌታ ከፍ ይላል። የድምፃዊው ጉሮሮ የቀጠነና የጠበበ ይመስላል። በዚህ ጊዜ «ድምፁ ወርዷል» ወይም «ድምፁ ተለውጧል» የሚለው ፍርድ በሰውየው ላይ ሳይሆን በሞተሩ ላይ የተሰጠ ይሆናል።

ስሕተቱን በጆሮ መያዝም ቀላል አይደለም። ማሲንቆና ክራር የሚቃኙት እንደ ድምፃዊው ጉሮሮ እንጂ በቋሚ ከፍታ አይደለም። ትዝታም ይሁን ባቲ፣ አምባሰልም ይሁን አንቺ ሆዬ፣ ክሩ ቢፈጥንም ሁሉም ድምፆች በእኩል ንጽጽር ስለሚነሡ ቅኝቱ ቅኝትነቱን አይለቅም። ጆሮ የሚደገፍበት ምሰሶ የለውም። መሐንዲስ ግን አንድ ዘዴ አለው። በብዙ አሮጌ ቅጂዎች ውስጥ የመብራት መስመሩ ጉምጉምታ ተደብቆ ይገኛል። የኢትዮጵያ መብራት ሞገድ በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ በካሴቱ ላይ ያ ጉምጉምታ 51.5 ሆኖ ከተለካ ቅጂው ወደ 3 በመቶ ፈጥኗል ለማለት በቂ ጥርጣሬ አለ። የመስመሩ ሞገድ ራሱ ጥቂት ሊዋዥቅ ቢችልም፣ ከምንም መነሻ ይህ ይሻላል።

፪. ሥራው ለምን ተሠራ?

ግድብና ድልድይ በአንድ ሚዛን አይለኩም። የዘፈን ዘርፎችም እንዲሁ ናቸው። ለጭፈራ የተሠራን ሥራ በግጥሙ ጥልቀት፣ ለማስታወስ የተሠራን ሥራ በምቱ ጉልበት መክሰስ የሚዛን ስሕተት ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የቦብ ማርሌይና የዌይለርስ «ካች ኤ ፋየር» ነው። ዘፈኖቹ በጃማይካ ከተቀዱ በኋላ፣ አሳታሚው ክሪስ ብላክዌል የሮክ አድማጭን ለመሳብ በለንደን ተጨማሪ ጊታርና ኪቦርድ አስገባባቸው፤ አልበሙም በዚያ መልኩ በ1973 ወጣ። የመጀመሪያው የጃማይካ ቅንብር በ2001 ከታረመው ጎን ታተመ። ሁለቱን አስተያይቶ «የትኛው ይበልጣል?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው። አንዱ ለኪንግስተን አድማጭ የተሠራ ነው፤ ሌላው የለንደንን በር ለመክፈት። የመጀመሪያው በባስና በከበሮ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ይመዘናል፤ ሁለተኛው ያንን ባዶ ቦታ ሞልቶ ምን እንዳተረፈና ምን እንዳጣ ይጠየቃል።

በኢትዮጵያ ዘፈን ከሁሉ አስቀድሞ በግጥሙ ይመዘናል። ሰምና ወርቅን ለለመደ ጆሮ ይህ ተገቢ ነው። ችግሩ ይኸው ሚዛን ቃል በሌለው ሥራ ላይ ሲጫን ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 በኒው ዮርክ ባወጣቸው «አፍሮ ላቲን ሶል» በተባሉት አልበሞች፣ በ1972 በዚያው ከተማ በተቀዳው «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» እና በ1974 በአምሃ ሪከርድስ በታተመው ሥራው የሞከረው፣ ባለ አምስት ድምፁን ቅኝት ባለ አሥራ ሁለት ድምፅ በሆነው የጃዝ ኅብረ ድምፅ ውስጥ ሳይሰጥም ማቆም ነበር። ይህን ሥራ «ዘፋኙ የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው። ተገቢው ጥያቄ ኅብረ ድምፁ ሲወፍር ቅኝቱ ይሰማል ወይስ ይሟሟል የሚለው ነው። በሚዛኑ ከተመዘነ፣ ቪብራፎኑ ዜማውን ይዞ ነሐሶቹ ከሥር በሚደግፉበት ቦታ ጸንቶ ይቆማል፤ የላቲኑ ምት በሚገንበት ቦታ ግን ቅኝቱ አልፎ አልፎ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህ ነቀፌታ ነው፤ ግን ከሥራው ዓላማ የተነሣ ነቀፌታ ነው።

የኃይሉ መርጊያ የ1985 ካሴትም እንዲሁ ነው። የዋልያስ ባንድ አባል የነበረው ኃይሉ በዋሽንግተን ሆኖ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሮኒክ ኪቦርዶችና ከከበሮ ማሽን ጋር ብቻውን አቀናብሮ ቀዳው። ካሴቱ በ2013 በውጭ አገር እንደገና ሲታተም ብዙ የውጭ ሐያስያን ያደነቁት ባልተለመደው የኤሌክትሮኒክ ድምፁ ነበር። አኮርዲዮንን በልጅነቱ ለሰማ ኢትዮጵያዊ ግን ሥራው በመጀመሪያ ትዝታ ነው፤ ማሽኑ የአጃቢዎቹን ባዶ ወንበር የያዘ ምትክ ነው። ሁለቱም ፍርዶች ዋጋ አላቸው፤ ከሥራው ልደት ጋር የሚስማማው ግን ሁለተኛው ነው።

፫. በእነማን እጅ?

አዋጁ የሸክላ ሥራን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ፈቅዶ በነበረበት ጊዜ፣ አምሃ እሸቴ በ1969 በዓለማየሁ እሸቴ ዘፈን የግል የሸክላ ኅትመትን ጀመረ። እስከ 1975 ድረስም ከ100 በላይ ሸክላዎችን አሳተመ። ዓሊ ካይፋም በበኩሉ ካሳተማቸው መካከል የማሕሙድ አህመድ «እረ መላ መላ» ይገኛል። በ1970ዎቹ የተሠራው ይህ ሥራ በ1986 በብራስልስ እንደገና ሲታተም የአውሮፓን ሐያስያን አነቃ። በ1997 በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት የተጀመረው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ኅትመት ደግሞ የዚያን ዘመን ሥራ ለዓለም አደረሰ። በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም የሙላቱን ሙዚቃ ሲጠቀም ዝናው ይበልጥ ሰፋ።

ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን አንድ ውጤት አስከትሏል። የተጻፈው ሂስ በብዛት የመጣው ከውጭ ስለሆነ፣ የተጻፈውም በአጋጣሚ በተረፉትና እንደገና በታተሙት ሸክላዎች ላይ ነው። ከዚህም የተነሣ የነሐስ መሣሪያዎች የገነኑበት ዘመን «ወርቃማ» ተባለ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው የ1980ዎቹ የኪቦርድ ዘመን እንደ ውድቀት ተቆጠረ። የሰዓት እላፊው ዓመታት የሌሊቱን ሥራ እንዳጠበቡት፣ ብዙ ነፋሾችን መቅጠር እንደከበደ፣ በካሴት ገበያም ወጪ መቆጠብ ግድ እንደነበረ በሂሱ ውስጥ እምብዛም አይነሣም። አቀናባሪው በአንድ ኪቦርድ ያንን ባዶ ቦታ ሲሞላ የፈታው ችግር ምን እንደነበረ ሳይታወቅ ፍርዱ ተሰጥቷል። የአይቤክስ ባንድ በኋላ ሮሃ ባንድ ሆኖ፣ እነ ጆቫኒ ሪኮ፣ ሰላም ሥዩምና ዳዊት ይፍሩ ያጀቧቸው ካሴቶች የአንድ ትውልድ ጆሮ የተገነባባቸው ናቸው። ሆኖም በሰው ዘንድ አልበሙ የሚጠራው በድምፃዊው ስም ብቻ ነው። ድልድይን ሪባን በቆረጠው ሰው ስም ብቻ እንደመጥራት ይቆጠራል።

በአገር ውስጥ ስለ አልበም የሚሰጠው ፍርድ ደካማ ስለሆነ አይደለም። የሻይ ቤቱ ክርክር ብዙ ጊዜ የሰላ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት በወጣ ካሴት ላይ የባሱን አካሄድ በቃሉ የሚያዜም አድማጭ አለ። ጉድለቱ አለመጻፉ ነው። ማግኔታማው ክር ከዓመት ዓመት ይደክማል፤ አጃቢዎቹና የስቱዲዮው ባለሙያዎችም ያረጃሉ። ማን በየትኛው ዘፈን ላይ እንደተጫወተ የሚያውቀው ሰው ሲያልፍ፣ በቃል የተሰጠው ፍርድ አብሮት ያልፋል፤ የሚቀረው በሌላ ሰው ስለ ሌላ ቅጂ የተጻፈው ነው።

ስለዚህ ስለ አንድ አልበም የሚጽፍ ሰው ከፍርዱ በፊት አራት ነገሮችን ቢያሰፍር ይበጃል፤ ሥራው የት፣ መቼና በምን መሣሪያ እንደተቀዳ፤ ሐያሲው የሰማው የትኛውን ቅጂ እንደሆነና በምን እንዳዳመጠው፤ ድምፃዊ፣ አቀናባሪ፣ አጃቢዎችና ቀጂው እነማን እንደሆኑ፤ ሥራው ለጭፈራ፣ ለትዝታ ወይስ ለማዳመጥ እንደታሰበ። ከዚያ በኋላ ቢወድም ቢነቅፍም ፍርዱ መነሻ ይኖረዋል፤ የሚቃወመውም ምኑን እንደሚቃወም ያውቃል።

በዚህ ረገድ የማኅበሩ አባላት ሊያበረክቱ የሚችሉት ቀላል አይደለም። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የተቀመጡ ካሴቶችና ሸክላዎች አሉ፤ የክሩን ፍጥነት መለካት፣ የማጫወቻውን ራስ ማስተካከልና ቅጂውን ሳያዛቡ ወደ ዲጂታል ማሻገር የሙያው ሥራ ነው። ከእያንዳንዱ ቅጂ ጋር የተጫዋቾቹን ስም በሕይወት ካሉት ጠይቆ መጻፍ ደግሞ ሙያ ሳይሆን ትጋት ብቻ ይጠይቃል። ፍርዱን ጆሮ ይስጥ፤ የሚፈረድበት ግን ተጫዋቾቹ በእርግጥ የተጫወቱት ሙዚቃ መሆኑን ማረጋገጥ የመሐንዲስ ድርሻ ነው።