ከኮሶ እስከ ሆድ ዕቃ እጥበት

ዱከም በሥጋ ቤቶቿ ትታወቃለች፤ የአዳማ መንገደኛ ለጥሬ ሥጋ ይወርድባታል። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትልን ያመጣል፣ ትሉ ደግሞ ሆድን በአንድ ቀን ጠርጎ የማውጣት ልማድን አጽንቷል። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የኢትዮጵያ ሰው በየወሩ ኮሶ እንደሚጠጣ መዝግቧል። የደረቀው አበባ ተፈጭቶ በውሃ ይበጠበጣል፣ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጨለጣል፤ ጠጪውም ያን ቀን ከቤቱ አይወጣም። ለትሉ ዘመቻው ትክክል ነበር። በሆድ በኩል የኩላሊት እጥበት ለሚያደርግ ሰው ግን፣ እኔ እንደማየው፣ ይኸው በአንድ ቀን ጠርጎ የማውጣት አስተሳሰብ ጠላቱ ነው።

ጀርመናዊው ጋንተር ይህን እጥበት በሰው ላይ የሞከረው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። በ1968 ቴንክሆፍ ሆድ ውስጥ የሚቆይ ለስላሳ ቱቦ አስተዋወቀ፤ በ1976 ፖፖቪችና ሞንክሪፍ በሽተኛው እየተንቀሳቀሰ የሚታጠብበትን ዘዴ ነደፉ። ሁለት ሊትር ያህል ፈሳሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀን አራቴ፣ በቱቦው ወደ ሆድ ይገባል ይወጣል። የቱቦው ጫፍ ዳሌ ውስጥ ከአንጀት ጎን ያርፋል። በሰገራ የተወጠረ አንጀት ይጫነዋል ወይም ከቦታው ይገፋዋል፤ ፈሳሹ ይገባና አልወጣ ይላል። ስለዚህ ቀዶ ጥገና ከመታሰቡ በፊት «ሰገራ ከወጡ ስንት ቀን ሆነዎት?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ብዙ ጊዜም ማለስለሻ ብቻ ቱቦውን ይመልሰዋል።

«የሆድ ድርቀት ማንን ገደለ?» የሚል አይጠፋም። ኩላሊት ሲደክም ፖታሲየምን በማስወጣት አንጀት ያግዛል፤ አንጀት ሲዘጋ ይህም እገዛ ይቀንሳል፣ የተጠራቀመው ፖታሲየምም ልብን ሊያቆም ይችላል። ድርቀቱ ደግሞ የበሽተኛው ስንፍና አይደለም፦ የብረት እንክብል፣ ፎስፌት የሚይዙ መድኃኒቶች፣ በፖታሲየም ምክንያት የተከለከለ ፍራፍሬ ያመጡታል። «ታዲያ ጠንከር ያለ የሚያስቀምጥ ይጠጣ» ለሚሉም መልሱ አጭር ነው። ማግኒዥየምና ፎስፌት ያለባቸው የሚያስቀምጡ መድኃኒቶች ኩላሊት ሲደክም በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማሉ፤ ኮሶም መጠኑ ካለፈ መርዝ ነው። ሐኪም የሚያዘው ላክቱሎስን የመሰለ ለስላሳ ነገር ነው፣ በየዕለቱ። ተልባ አሰር ቢኖረውም ፖታሲየምና ፎስፈረስም አለው፣ በዘፈቀደ አይበጠበጥም።

ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ይህ እጥበት በአገራችን ብርቅ ነው፣ የተለመደው በማሽን ደም ማጠብ ነው። እውነት ነው። ቢሆንም ድርቀቱ የማሽን ታካሚንም አይምርም። በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ማሽን ከመመላለስ ይልቅ ቤት ውስጥ መታጠብ ለዱከም ነዋሪ የሚስማማበት ቀን ሲመጣ፣ ፈሳሹን ብቻ ሰጥቶ ስለ ሰገራ መጠየቅ የሚያፍር አገልግሎት ቱቦውን በከንቱ ያስነቅላል።