ግሮሰሪው ሳይከፈት ጎረቤት የት ይናገር? የመጠጥ መሸጫ ፈቃድና የነዋሪ ድምፅ በእንጅባራና በዳንግላ



ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው አውራ ጎዳና ዳንግላንም እንጅባራንም ያቋርጣቸዋል። በእንዲህ ያለ መንገድ ዳር ቤት ያለው ሰው ተከራይ ሲፈልግ፣ ቶሎ ከሚያገኛቸው አንዱ ግሮሰሪ የሚከፍት ነጋዴ ነው። በፋግታ ለኮማ አርሶ አደሩ የዲከረንስ ዛፍ እየተከለ ከሰል መሸጥ ከያዘ ወዲህ ደግሞ በአካባቢው ጥሬ ገንዘብ በርክቷል፤ ገንዘብ የሚዘዋወርበት ገበያም የመጠጥ ነጋዴን መጥራቱ አይቀርም። በመኖሪያ ሰፈር አዲስ ግሮሰሪ ሊከፈት ነው ሲባል አከራዩ ደስ ይለዋል፣ ልጆቹን በዚያ በር ፊት ለፊት ወደ ትምህርት ቤት የሚልክ ጎረቤት ይቆጣል፣ የዕድሩ ዳኛ በሁለቱ መካከል ይቸገራል። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ከሦስቱ ማን ልክ ነው የሚል አይደለም። የተቆጣው ጎረቤት ቁጣውን ወዴት ይወስደዋል? የሚል ነው።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በነፃነት በኢኮኖሚ እንቅስቃሴ የመሰማራት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ነጋዴው በዚህ ይቆማል። ነዋሪውም ባዶ እጁን አይደለም፤ አንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብን መብት፣ አንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመጠየቅ መብት አስፍረዋል። አንድ ግሮሰሪ «ፕሮጀክት» ይባላልን? የሕግ ተማሪዎች ሊከራከሩበት ይችላሉ፤ እኔ በዚህ ንዑስ አንቀጽ ብቻ ፈቃድ የሚታገድ አይመስለኝም።

ወደ ዝርዝር ሕጎች ስንወርድ ክፍተቱ ይጎላል። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ከነጋዴው የሚፈለገውን ይዘረዝራል፤ ጎረቤት አስቀድሞ እንዲጠየቅ የሚያስገድድ ሥርዓት ግን አልዘረጋም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225፣ ባለይዞታ ከመልካም ጉርብትና ልክ ባለፈ ጭስ፣ ሽታ፣ ጩኸት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ይህ ጥሩ ድንጋጌ ነው፤ ነገር ግን የሚያገለግለው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ግሮሰሪው ተከፍቶ፣ ሙዚቃው ለወራት እንቅልፍ ነሥቶ፣ ጎረቤት ማስረጃ ይዞ ፍርድ ቤት ከሄደ በኋላ።

ከዚያ በፊት ያለው መንገድ ፊርማ አሰባስቦ ቀበሌ መሄድ ብቻ ነው። አቤቱታው መዝገብ የለውም፣ መልስ የሚሰጥበት ቀነ ገደብ የለውም፤ ውጤቱ በተቀባዩ ሹም ዝንባሌ ላይ ያርፋል። በዚህ ነዋሪው ብቻ እንደሚጎዳ የሚያስብ ተሳስቷል። የስድስት ወር ኪራይ ከፍሎ፣ ፍሪጅና መደርደሪያ ገዝቶ በቃል ትእዛዝ «ቆይ» የሚባል ነጋዴም የሚሟገትበት ጽሑፍ በእጁ የለም።

የጎረቤታችን የኬንያ ልምድ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአልኮል መጠጦች ቁጥጥር ሕግ የፈቃድ ማመልከቻ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን፣ ነዋሪም ተቃውሞውን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ፈቀደ፤ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከሚማሩበት ተቋም በ300 ሜትር ክልል ውስጥ መጠጥ ቤት እንዳይፈቀድም ደነገገ። ኬንያ በመጠጥ ችግር አልተፈወሰችም። ሆኖም ጠቡ ከመንገድ ወጥቶ ወደ መዝገብ ገብቷል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለእንጅባራ ደግሞ አንድ ልዩ ጉዳይ አለ። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ከማገዱም ሌላ፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ይህ ምን ማለት ነው? የአንደኛ ዓመት ተማሪ በአብዛኛው አሥራ ዘጠኝ ወይም ሃያ ዓመቱ ነው። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲ አቅራቢያ የሚከፈት ግሮሰሪ ከደንበኞቹ ብዙዎቹ በሕግ ሊሸጥላቸው የማይገባ ናቸው። (ፈገግ ያላችሁትን አያለሁ።) መታወቂያ ጠይቆ የሚመልስ አስተናጋጅ እስካላየን ድረስ አዋጁ ከወረቀት አልወረደም፤ የነዋሪው ተቃውሞም ከዚህ ቢነሣ «ሃይማኖተኞች ናቸው» ተብሎ በቀላሉ አይገፋም።

አሁን ወደሚከብደው ነገር ልምጣ። በግሮሰሪው ላይ የሚፈርመው ሰፈር ከጓሮ ስላለው አረቄ ቤት ዝም ይላል። ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ ብርዳም አገር አረቄ የገበያ ቀን ወግ ነው። ዳግም አረቄ ደግሞ በአልኮል ይዘቱ ከፋብሪካው ጂን የሚያንስ አይደለም፤ ቢራ ከአጠገቡ አይደርስም። ታዲያ ምልክትና ግብር ያለበትን ጠርሙስ አውግዘን፣ ማንም የማይለካውን ብርሌ የምናልፈው ለምንድን ነው? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ አረቄ የምታወጣው ሴት የዕድራችን አባል ናት፤ በጌሾና በብቅል ልጆቿን አስተምራለች፤ ብትዘጋ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ባለግሮሰሪው ግን ብዙ ጊዜ እንግዳ ነው። ይህ ርኅራኄ የሚከበር ነው፤ ተቃውሞው መጠጥን ነው ወይስ እንግዳን? የሚል ጥርጣሬ ማስነሣቱ ግን አይቀርም።

ስለዚህ የከተማው ምክር ቤት የፈቃድ አሰጣጥ መድረክ ቢያቋቁም፣ ውይይቱ «ይከፈት ወይስ አይከፈት» በሚል ብቻ እንዳይታጠር እመክራለሁ። የመዝጊያ ሰዓት፣ ከትምህርት ቤት በር ያለው ርቀት፣ የሙዚቃ መጠን፣ የመታወቂያ ጥያቄ በጽሑፍ ይስፈሩ። መድረኩ ላይ ከትምህርት ቤቱ ወላጆች፣ ከዕድሩና ከነጋዴው ጎን አረቄ አውጪዋም ትጠራ፤ የገበያ ቀን ምሽት ማን ሰክሮ ከየት እንደሚወጣ ከርሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ የመዝጊያ ሰዓቱም እርሷን ካልጨመረ፣ ከግሮሰሪው በጊዜ የወጣው ጠጪ የሚያንኳኳው የርሷን በር ነው።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።