ከሣር ስለሚወጣው የአውሮፕላን ነዳጅ

(በሬዲዮ የተነገረ)



በአገራችን ሣር ሲባል ወዲያው የሚታሰበን የከብት መኖ፤ የጎጆ ክዳን፤ በበዓል ቀንም በየቤቱ የሚጐዘጐዘው ቄጤማ ነው። ሣር አውሮፕላን ያበራል ቢባል ግን ብዙ ሰው ተረት ይመስለዋል። ተረት አይደለም፤ ጥበቡ ከታወቀ ቆይቷል። ስለዚህ ዛሬ የምንመረምረው ሣር ነዳጅ ለመሆን ይችላል ወይ የሚለውን ሳይሆን፤ የሚችል ከሆነ ስለምን እስከ ዛሬ በብዛት አልተሠራም የሚለውን ነው።

በመጀመሪያ፤ ሣር ለምን አስፈለገ? መኪና በባትሪ መሄድ ችሏል። አውሮፕላን ግን የሚሸከመው ክብደት ሁሉ ዕዳ ነው። አንድ ኪሎ የአውሮፕላን ነዳጅ የሚይዘው ኃይል አንድ ኪሎ ባትሪ ከሚይዘው ወደ 40 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ለረዥም በረራ ፈሳሽ ነዳጅ የግድ ነው። ከምድር ሆድ የሚወጣው ነዳጅ ሲቃጠል ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ተቀብሮ የኖረውን ካርቦን ወደ አየር ይለቃል፤ ከሣር የተሠራው ግን የሚመልሰው ሣሩ ባለፈው ወራት ከአየር የሳበውን ነው። መንግሥታት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2022 በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ጉባኤ ተሰብስበው፤ እስከ 2050 ድረስ የበረራ ካርቦን የተጣራ ሒሳብ ዜሮ እንዲሆን ግብ አድርገው ተስማምተዋል።

በሰሜን አሜሪካ ሜዳ ከጥንት ጀምሮ የሚበቅል ስዊችግራስ የሚባል ሣር አለ። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፤ ሥሩም እስከ 3 ሜትር ድረስ ወደ ምድር ይዘልቃል። አንድ ጊዜ ከተዘራ እንደገና ሳይታረስ ከ10 ዓመት በላይ በየዓመቱ ይታጨዳል። አፈሩን ከጎርፍ ይጠብቃል፤ ለእህል በማይመች መሬትም ይበቅላል። ነገር ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሙሉ ምርቱን የሚሰጠው በ3ኛው ዓመት ገደማ ነው። ይህን 3ኛ ዓመት አደራ እንዳትረሱብኝ።

ሣሩ ነዳጅ የሚሆነው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ይከተከትና በእንፋሎትና በአሲድ ይላላል። ቀጥሎ ኢንዛይም የሚባለው ቅመም የሣሩን ጭረት ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ እርሾም ስኳሩን አልኮል ያደርገዋል፤ ይህ እንኳ ለጠላ ጠማቂ እናቶቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። ከዚያ በኋላ ከአልኮሉ ውኃው ተለይቶ ይወጣና ጋዝ ይሆናል፤ የጋዙ ቅንጣቶች እንደ ሰንሰለት ይቀጣጠላሉ፤ ሃይድሮጅን ይጨመርባቸዋል፤ በመጨረሻም የላምባ ወንድም የሆነው የአውሮፕላን ነዳጅ ይጣራል። ይህም ዛሬ በተፈቀደው ደንብ እስከ ግማሽ ድረስ ከተለመደው ነዳጅ ጋር ተደባልቆ፤ ሞተር ሳይለወጥ ይሠራል።

ሒሳቡ ግን ያስደነግጣል። ከአንድ ቶን ደረቅ ሣር የሚገኘው አልኮል ቢበዛ ወደ 300 ሊትር ነው፤ አልኮሉ ነዳጅ ሲሆን ደግሞ ከዚህ ብዙ ይጐድላል። አንድ ሄክታር በዓመት 10 ቶን ቢሰጥ፤ የዓመቱ ምርት በሙሉ አንድን ትልቅ አውሮፕላን በአየር ላይ የሚያቆየው ከግማሽ ሰዓት በታች ነው። የ10 ሰዓት በረራ ከ20 ሄክታር በላይ ሣር ይበላል ማለት ነው። ሣሩም ቀላልና ብዙ ቦታ የሚይዝ ስለ ሆነ ከሩቅ ቢጓጓዝ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው በሣሩ መካከል መቆም አለበት፤ ገበሬውም ፋብሪካ ሳያይ አይዘራም፤ ባለ ፋብሪካውም ሣር ሳያይ አይሠራም።

ይህን እንቆቅልሽ ለመፍታት የተሞከረበት ታሪክ አለ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆርጅ ቡሽ በ2006 ለምክር ቤታቸው ባደረጉት ንግግር ስዊችግራስን በስሙ ጠርተው፤ ከእርሱና ከመሰሎቹ የሚወጣው የመኪና አልኮል በ6 ዓመት ውስጥ ለገበያ እንዲበቃ ግብ አስቀመጡ። በ2007 የቴኔሲ ግዛት ወደ 70 ሚሊዮን ዶላር ያህል መደበ። ገበሬዎችም ሣሩን ዘሩ፤ በ2010 ቮኖር በምትባል ከተማ የመሞከሪያ ፋብሪካ ተከፈተ። ለገበሬዎቹ የተሰጠው ውል ግን የ3 ዓመት ነበር። አደራ ያልኋችሁን አስታውሱ፤ ሣሩ ሙሉ ምርት በሚሰጥበት ዓመት ውሉ ያልቃል! በቮኖር ሥራ ተካፋይ የነበረው ዱፖንት ትልቁን ፋብሪካ በ2015 የከፈተው በቴኔሲ ሳይሆን በአዮዋ ነው፤ ጥሬ ዕቃውም ሣር ሳይሆን የበቆሎ አገዳ ነበር። እርሱም በ2017 ተዘጋ። የቴኔሲው ገበሬ ሥሩ 10 ዓመት የሚኖር ሣር ይዞ ቀረ፤ የተጠበቀው ትልቅ የነዳጅ ፋብሪካ ግን አልመጣለትም። ላም አለኝ በሰማይ፤ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ተስፋው ግን አልተቈረጠም። በ2024 በጆርጂያ ግዛት ሶፐርተን በምትባል ቦታ አልኮልን ወደ አውሮፕላን ነዳጅ የሚለውጥ ፋብሪካ ተመርቋል። ስለዚህ የመንገዱ መጨረሻ ተጠርጓል፤ የጐደለው ከማሳው እስከ አልኮሉ ያለው መጀመሪያው ነው።

እኛም የአውሮፕላናችንን ነዳጅ ከውጭ አገር በምንዛሪ የምንገዛ ስለ ሆነ ነገሩ ያገባናል። ነገር ግን በሬው የሚበላውን ሣር ለአውሮፕላን እንስጥ ለማለት አልደፍርም፤ በእኛ ዘንድ ሣር ትርፍ ነገር አይደለምና። ለእናንተ በየመሥሪያ ቤቱ ዕቅድ ለምታወጡና ውል ለምትጽፉ የማስታውሰው ሌላ ነው። ገበሬ ዘር ብቻ ሳይሆን ዕድሜውን ጭምር ይዘራል። ሥሩ 10 ዓመት ለሚቆይ ተክል የ3 ዓመት ውል መስጠት ዕቅድ አይባልም። ዕቅዳችሁን ከመፈረማችሁ በፊት፤ ቃላችን እንደ ሥሩ ይዘልቃልን? ብላችሁ ጠይቁ።