ከአራስ ቤት በኋላ፦ የሕፃናት ዕድገትና የአሳዳጊዎች ደኅንነት



«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አነጋገር ብዙ ቤተሰቦችን ሲያጽናና የኖረ ነው፤ ኑሮ የከበደበት ቤት ተስፋ እንዳይቆርጥ ማድረጉ መልካም ጎኑ ቢሆንም፣ የልጅን አስተዳደግ ከሰው እጅ አውጥቶ ለዕጣ ፈንታ የሚተው በመሆኑ እንደገና ሊመረመር ይገባዋል። ስለ ሕፃናት አእምሮ እስካሁን የተደረሰበት ዕውቀት የሚያመለክተው፣ ዕድል ከሚባለው ነገር ሰፊው ድርሻ በአሳዳጊው እጅ ያለ መሆኑን፣ ያ እጅ ሲዝል ደግሞ የሕፃኑም ዕድገት አብሮ ሊጎዳ እንደሚችል ነው። የዚህ ንግግር ጭብጥም ከዚህ የሚነሣ ሲሆን፣ ሕፃኑን መደገፍ የሚጀምረው አሳዳጊውን ከመደገፍ መሆኑን ያስረዳል።

ቀዳማይ ልጅነት ከፅንስ አንሥቶ ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት እስከሚያልፍበት ዕድሜ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ከዚህም ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 1000 ቀናት፣ ማለትም 270 ያህሉ የእርግዝና ቀናትና የሁለቱ ዓመታት 730 ቀናት፣ አንጎል እጅግ በፍጥነት የሚገነባባቸው ናቸው፤ ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሲሞላው የአንጎሉ መጠን ከአዋቂ ሰው አንጎል 80 በመቶ ገደማ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ባንክ ከአጋሮቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ማዕቀፍ በዚህ ዕድሜ አምስት ነገሮች ተሟልተው መገኘት እንዳለባቸው ያስቀምጣል፤ እነርሱም ጤና፣ በቂ ምግብ፣ ደኅንነት፣ የመማር ዕድልና ምላሽ ሰጪ እንክብካቤ ናቸው። የፊተኞቹ አራቱ ብዙ የተነገረላቸው ሲሆኑ፣ አምስተኛው ግን ስሙ አዲስ ስለሚመስል ማብራሪያ ያሻዋል።

ምላሽ ሰጪ እንክብካቤ ሕፃኑ በዓይኑ፣ በድምፁና በእጁ የሚያሳየውን ምልክት አስተውሎ፣ ተረድቶ ሳይዘገዩ መመለስ ማለት ነው። አንዲት እናት ልጇን በሳፋ ስታጥብ ሕፃኑ ውሃውን መታ አድርጎ ድምፅ ቢያሰማ፣ እርሷም ዓይን ዓይኑን እያየች «ውሃው ሞቀህ?» ብላ ጠይቃ ጥቂት ብትጠብቀው፣ እርሱ «አጉ» ሲል ደግሞ ብትመልስለት፣ ከውጭ ለሚያይ ተራ ጨዋታ የሚመስለው ይህ ምልልስ በአንጎል ውስጥ የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚያያዙበት ሥራ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ትሮኒክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባደረገው የታወቀ ሙከራ፣ ከልጇ ጋር ስትጫወት የቆየች እናት ለጥቂት ደቂቃ ፊቷን አደንድና ዝም እንድትል ሲደረግ፣ ሕፃኑ በፈገግታ፣ በእጁና በድምፁ ሊመልሳት ሲጥር፣ ሳይሆንለት ሲቀር ፊቱን ሲያዞርና ሲረበሽ ታይቷል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግን ወላጅ ለአፍታም መዘናጋት የለበትም የሚል አይደለም፤ መዘናጋት በየቤቱ ያለ ነገር ሲሆን፣ ሕፃኑን የሚጎዳው ምልልሱ ተቋርጦ ሳይጠገን ሲቀር ነው።

ለምልልሱ ውድ መጫወቻም ሆነ የተለየ ሰዓት አያስፈልግም። ቡና ሲፈላ ሲኒዎቹን ከልጅ ጋር መቁጠር፣ ልብስ ሲታጠፍ ቀለሞቹን መጥራት፣ ባዶ ጣሳን ከክዳኑ ጋር ሰጥቶ እንዲገጥም መተው፣ «አኩኩሉ» መጫወት፣ በእሹሩሩ ማስተኛት ሁሉ ትምህርት ነው፤ ይሁን እንጂ ፍሙና ጀበናው ሕፃኑ ከማይደርስበት ሊቀመጡ፣ አንቆ ሊይዝ የሚችል እንደ ሽምብራና ባቄላ ያለ ጥሬም ከእጁ ሊርቅ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ስልክና ቴሌቪዥን ማሳየትን አይመክርም፤ ስክሪን ለሕፃኑ ምልክት የማይመልስ በመሆኑም የምክሩ ተገቢነት ይታያል።

ይህን የመሰለ ቀላል ድጋፍ ዘላቂ ፍሬ እንዳለው በጃማይካ የተካሄደ ጥናት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1986 እና 1987 በኪንግስተን ከተማ 129 የቀነጨሩ፣ ማለትም በምግብ እጥረት ምክንያት ቁመታቸው ከዕድሜያቸው ያነሰ ሕፃናት ተመርጠው፣ ከፊሎቹ ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ የአንድ ሰዓት የቤት ለቤት ጉብኝት ተደረገላቸው፤ ጎብኚዎቹም እናቶች በቤት ውስጥ በተሠሩ መጫወቻዎች ከልጆቻቸው ጋር እንዲጫወቱ ያግዙ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ የተጎበኙት ካልተጎበኙት 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ሲያገኙ ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናቷ 37 በመቶው ቀንጭረው ለተገኙባት ኢትዮጵያ ይህ ውጤት የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

ይሁን እንጂ የተጨነቀና እንቅልፍ ያጣ ሰው የሕፃን ፈገግታን አይቶ ለመመለስ አቅም ያንሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያመለክተው በዓለም ላይ ከወለዱ እናቶች 13 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይም ድባቴ ይገጥማቸዋል፤ በታዳጊ አገሮች ቁጥሩ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። ድባቴ ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት ከሚታየውና በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሚለቀው ሆደ ባሻነት የተለየ ነው፤ ሐዘኑ ይቆያል፣ ደስ ይል የነበረው ነገር ደስ አይልም፣ ሕፃኑ ተኝቶም እንኳ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ የጥፋተኝነት ስሜት ይበረታል። አባቶችንም ይይዛል። በሽታው የሚታከም ሆኖ ሳለ ስንፍና፣ ቅብጠት ወይም የመንፈስ ልክፍት ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ የታመመው ሰው ሕክምና ሳያገኝ ይቀራል፤ ራስን ወይም ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ለነገ ሳይባል ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው።

የአገሩ ባህል አሳዳጊ ድጋፍ እንደሚያሻው ከጥንት ያወቀ ይመስላል። አራስ ከባድ ሥራ አትሠራም፤ ገንፎውና አጥሚቱ ይቀርብላታል፤ ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፤ ብቻዋንም አትተውም። የዚህ ወግ ጉድለት ዕድሜው ማጠሩ ነው፤ 40ው ወይም 80ው ቀን ሲያልፍ ጠያቂው ይበተናል፣ ከዘመድ ርቃ በኮንዶሚኒየም የምትኖረው እናትም በሩ በተዘጋ ቤት ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን ትቀራለች።

የሥራ ቦታ ድርሻም የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት፣ ለአባት ደግሞ 3 ተከታታይ ቀናት ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል። የጤና ባለሙያዎች ሕፃኑ እስከ 6 ወር ድረስ የእናት ጡት ወተት ብቻ እንዲያገኝ ስለሚመክሩ፣ በሕጉና በምክሩ መካከል የሦስት ወር ክፍተት አለ። ይህን ክፍተት የሚሞላው የሕፃናት ማቆያ፣ ማቆያ ባይኖር እንኳ በሩ የሚቆለፍ አንድ ንጹሕ ክፍል፣ ወንበርና ማቀዝቀዣ ነው፤ በንጽሕና የታለበ የጡት ወተት በማቀዝቀዣ እስከ 4 ቀን ይቆያልና። ለዚህ የሚሆን ሰዓት የሚፈቅድ የቅርብ ኃላፊ፣ ስብሰባን ከሥራ መውጫ ሰዓት የማያሳልፍ የሥራ ክፍል፣ ልጅ ታሞበት የቀረ አባትን «ሚስትህስ የት ሄደች?» ብሎ የማያፌዝ ባልደረባ፣ ሦስቱም ያለ ወጪ የሚገኙ ድጋፎች ናቸው።

በቤት በኩልም አባት ሌሊቱን ተካፍሎ ሕፃኑን ቢይዝ፣ እናት ያለ ማቋረጥ ጥቂት ሰዓት ብትተኛ፣ አያትና ጎረቤት ምክር ከማብዛት ይልቅ ልብስ ቢያጥቡ ወይም ወጥ ቢሠሩ፣ ድጋፉ በቀጥታ ለሕፃኑ ይደርሳል።

ስለዚህ ከዚህ ስብሰባ የሚወጣ ሁሉ በቅርቡ የወለደች አንዲት ባልደረባ ወይም ጎረቤት ያስብ፤ በአራስነቷ ቢጠይቃትም በ4ኛው ወር ተመልሶ በሯን ያንኳኳ፤ ሕፃኑን ከማቀፉ አስቀድሞም «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብሎ ይጠይቃት፤ መልሷንም ተቀምጦ ይስማ።